አባባ ሳይፈርም በፊት

እስቲ እጅሽን ከኪቦርዱ ላይ አንሺና ትንሽ አዳምጪኝ፣ እሙዬ። አባባ ሲናገር አንቺ ስትጽፊ ከኋላሽ ቆሜ እያነበብኩ ነበር። አጻጻፍሽ ያምራል፤ የእሱን አነጋገር እንዳለ ነው ያሰፈርሽው። ግን ይህ ወረቀት ዛሬ እንዲህ እንዳለ ታትሞ ቢፈርምበት፣ ዕድሜውን ያርዝመውና፣ ክፉ ቀን የመጣ ዕለት የሚያቆመን አይመስለኝም። ያን ጊዜ ደግሞ አባባን «ምን ማለትህ ነበር?» ብለን አንጠይቀው ነገር። ቡናው እስኪፈላ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የእማዬ ነገር ነው። በጻፍሽው ሁለት ገጽ ውስጥ ስሟ የተነሣው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ «ባለቤቴን ልጆቼ እንድትጦሩልኝ አደራ» የሚለው ላይ። አባባ ይህን ያለው ሳያስብላት ቀርቶ አይደለም። እሷ ሚስቱ ስለሆነች መጀመሪያ የምትወርሰው እሷ ናት፣ እኛ ከእሷ በኋላ ነን ብሎ ስለሚያምን ነው። ሰፈሩን ብትጠይቂ አብዛኛው ሰው እንዲሁ ይልሻል። ሕጋችን ግን እንደዚያ አይልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ የሌለውን ሰው ማን እንደሚወርሰው በተራ ሲያስቀምጥ፣ ቁጥር 842 ላይ ከልጆች ይጀምራል፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ከሌለ ወደ አባትና እናት ይሄዳል፣ ከዚያም ወደ አያቶች እያለ ወደ ላይ ይወጣል። በዚያ ተራ ውስጥ ሚስትም ባልም የሉም።

እማዬ የሚኖራት በወራሽነት የምታገኘው ሳይሆን የራሷ የሆነው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፈራውን ሀብት የጋራ አድርጎ ይገምታል፤ በአንዳቸው ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ፣ የግሌ ነው የሚለው ወገን ማስረዳት አለበት። ኮንዶሚኒየሙ በእማዬ ስም ስለሆነ ሙሉ በሙሉ የእሷ የሚመስልሽ ከሆነ ተሳስተሻል፤ ግማሹ የአባባ ነው። አባባ ሲሞት ያ ግማሽ ለልጆቹ ይተላለፋል። እንዲሁም አንቺ «ቤቴን በሙሉ ለልጆቼ» ብለሽ የጻፍሽው አይሆንም፤ ሰው የሚናዘዘው የራሱን ድርሻ እንጂ የሚስቱን አይደለም።

አሁን የምንኖርበት ቤት ደግሞ ከዚህም ይወሳሰባል። የፊቱን ሁለት ክፍል አባባ ከአያታችን ነው የወረሰው፤ በውርስ የተገኘ ንብረት የግል ሆኖ ይቀራል። ሳሎኑንና የጓሮውን ክፍሎች ግን ከተጋቡ በኋላ ነው የሠሯቸው፣ የእማዬም ደመወዝ እየገባበት። እንግዲህ የትኛው የግል፣ የትኛው የጋራ ነው? እኔና አንቺ እዚህ ተቀምጠን የምንወስነው ነገር አይደለም። ኑዛዜው ከመጻፉ በፊት ጠበቃ ማየት ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ጠበቃ ጋ የሚሄደው ክርክር ከተነሣ በኋላ ነው።

ጠበቃ ቢሮ በጸሐፊነት ስሠራ አንዲት እናት መጡ። ባለቤታቸው ከሞቱ ገና ጥቂት ወራት ናቸው። የባለቤታቸው የመጀመሪያ ትዳር ልጆች የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው «ድርሻችንን አካፍይን» አሏቸው። ሕጉ ከልጆቹ ጋር ነው፤ ክፉዎችም አልነበሩም፣ የሚገባቸውን ነው የጠየቁት። ቤቱ ግን ለሁለት የሚቆረስ ቤት አይደለም፤ እሳቸው ደግሞ የልጆቹን ድርሻ ገዝተው ለማስቀረት ገንዘብ የላቸውም። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በሐራጅ መሸጥ ነው። ሴትዮዋ የቤቱን ቁልፍ ከሹራባቸው ኪስ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩትና «ለማን ነው የማስረክበው?» አሉኝ። ገና የተፈረደ ነገር እንኳ አልነበረም። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ አንድ ሰዓት ከጠበቃ ጋር ቢቀመጡ ኖሮ ነገሩ በሌላ መልክ ይያዝ ነበር።

ለምሳሌ አባባ ቤቱን ለእኛ ትቶ፣ እማዬ በሕይወት እስካለች ድረስ እንድትኖርበትና እንድትጠቀምበት፣ ብታከራይም ኪራዩን እንድትበላ ማድረግ ይችላል። ሕጉ የአላባ መብት ይለዋል። ወይም ከድርሻው ለይቶ አንዱን ንብረት በኑዛዜ ይሰጣታል። የትኛው እንደሚሻል፣ ምን ያህል ቢሰጣት ልጆች ሊቃወሙት እንደማይችሉ ጠበቃው ሰነዶቹን አይቶ ይንገረን። የእኔ ድርሻ ይቀንሳል፣ የአንቺም ይቀንሳል። ይቀንስ። «አደራ» የሚለው ቃል ግን ከእኛ ኅሊና በቀር የሚያስፈጽመው የለም፤ እኛ ጥሩ ልጆች ብንሆን እንኳ ነገ ባሎቻችን፣ አበዳሪዎቻችን፣ ልጆቻችን ይመጣሉ።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳትቀላቅዪ፦ አባባ ሲያልፍ ለእማዬ የሚቆረጥላት የጡረታ አበል ከውርሱ ውስጥ አይቆጠርም፤ በራሷ መብት ነው የምታገኘው። የሕይወት መድኑም ተጠቃሚው በስም ከተጻፈ በቀጥታ ለዚያ ሰው ይከፈላል፤ ስም ካልተጻፈበት ግን ውርሱ ውስጥ ይገባል። የመድን ፖሊሲውን አውጥተሽ የተጠቃሚውን ስም እዪው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። አባባ እየተናገረ ሌላ ሰው የሚጽፍለት ኑዛዜ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ይባላል፤ ሥርዓቱ ቁጥር 881 ላይ ነው። ጽሑፉ አባባና አራት ምስክሮች አንድ ላይ ባሉበት መነበብ አለበት። መነበቡ ደግሞ በዚያው ወረቀት ላይ መገለጽ አለበት፤ ቀኑም እንዲሁ። ከዚያ አባባም ምስክሮቹም እዚያው፣ ወዲያው ይፈርማሉ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ኑዛዜው ፈራሽ ነው። የሐሳቡ ማማር፣ የአባትየው ፍላጎት በሁሉም ዘንድ መታወቁ አያድነውም። አንቺ የጻፍሽው ላይ «ምስክሮች» ብለሽ አራት ባዶ መስመር ትተሻል፤ ስለመነበቡ ግን ቃል የለም። ሰው የሚሸነፈው በዚህ ነው። ሌላው ደግሞ ወረቀቱን ይዞ ከቤት ቤት እየዞሩ ማስፈረም ነው፤ አንዱ ጠዋት ቢሮው፣ አንዱ ማታ ቤቱ፣ አራተኛው በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ። ዓመታት አልፈው ምስክሮቹ ችሎት ሲቆሙ፣ ጠበቃ «ተናዛዡ ሲፈርሙ አይተዋል? ሲነበብስ ሰምተዋል?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። እውነተኛ ሰው «አይ፣ እኔ ቤት ነው ያመጡልኝ» ይላል። በዚያች ቃል ሁሉም ነገር ያበቃል።

ስለዚህ ቤት ውስጥ አናድርገው። ውልና ማስረጃ ሄደን ይሠራ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ የሰነድ አረጋጋጭ ወይም ዳኛ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል፤ ቁጥር 882 ነው የሚለው። ከዚያም በላይ፣ አባባ መታወቂያውን ይዞ፣ በእግሩ ሄዶ፣ በራሱ አንደበት አስረድቶ የፈረመውን ሰነድ «አእምሮው ደክሞ ነበር» ብሎ ማፍረስ ይከብዳል። ለዚህም ነው አሁን፣ ጤናው ሳለ የምለው። ሰው ስለ ኑዛዜ የሚያነሣው ሐኪም ፊቱን ካጠቆረ በኋላ ነው፤ የአልጋ ላይ ፊርማ ደግሞ ለክርክር የተመቸ ነው።

ምስክር ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው አይሁን፤ የእኛም ባሎች አይሁኑ። ለአካለ መጠን የደረሱ፣ የተጻፈበትን ቋንቋ በደንብ የሚረዱ፣ ከአባባ በዕድሜ ያነሱ ቢሆኑ እመርጣለሁ። የእድሩን ጸሐፊ አስቢው፤ ሰው ያከብረዋል፣ አይዋሽም፣ እኛ ቤትም ጥቅም የለውም።

አንቺም ከዚህ ጽሕፈት እጅሽን አውጪ። ክፋት የለብሽም፤ አውቃለሁ። ግን ተጠቃሚዋ ልጅ፣ በራሷ ላፕቶፕ፣ ሌሎቹ ልጆች በሌሉበት የጻፈችው ኑዛዜ ነገ ምን እንደሚባል ገምቺ። ጠበቃው ይጻፈው። አባባን ሲያናግረውም እኔም አንቺም ከክፍሉ እንውጣ፤ ብቻቸውን ይሁኑ። ጥሩ ጠበቃ ራሱ ውጡ ይለናል። ካላለን እኔ እወጣለሁ፣ አንቺም ትከተይኛለሽ።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ የግብር ደረሰኞቹ ያሉበት ሰማያዊ ክላሰር ውስጥ ያለውን ወረቀት ያየሽው አይመስለኝም። አባባ በ2008 ዓ.ም. በገዛ እጁ የጻፈው ነው። እማዬ «እሱ እያለ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» የምትለው ያንን ይዛ ነው። በራስ እጅ የሚጻፍ ኑዛዜ በሕግ የታወቀ ነው፣ ምስክርም አይፈልግም፤ ነገር ግን ቁጥር 884 ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተናዛዡ እጅ እንዲጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ እንዲነገርበት፣ እያንዳንዱ ቅጠል ላይ ቀንና ፊርማ እንዲኖር ይጠይቃል። የአባባ ወረቀት ርእሱ «ለልጆቼ የምተወው ቃል» ነው፤ የፈረመውም የመጨረሻው ቅጠል ላይ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ደህና ቢሆን እንኳ፣ እንዲህ ያለው ኑዛዜ በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ ሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። 2008 ላይ ሰባት ስትጨምሪበት አልፏል። አትቅደጂው ግን፤ ጠበቃው ያንብበው፣ የአባባን ሐሳብ ከዚያ ይረዳል። አዲሱ ኑዛዜ ላይ «ከዚህ በፊት ያደረግሁትን ሽሬአለሁ» የሚል እንዲገባ አስታውሺ።

በቃል መናዘዝም አለ። የንስሐ አባቱን ጠርቶ፣ ሁለት ሰው አስቀምጦ መናገር ከጥንት የነበረ ልማዳችን ነው፤ ለነፍሱም መልካም ነው። ንብረት የማስተላለፍ ኃይሉ ግን በጣም ትንሽ ነው፦ ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ስለሚሾም ሞግዚት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ተናዛዡ ተሽሎት ሦስት ወር ከኖረ ደግሞ ያም ይቀራል። ቤት በቃል አይተላለፍም።

ስለ ደሴው ወንድማችን ዝም ብለሽ አልፈሻል። አባባ አላነሣውም፣ አንቺም አልጠየቅሽውም። እሱ ከእማዬ ባይወለድም፣ እናቱና አባባ ባይጋቡም፣ በሕግ ከእኔና ከአንቺ እኩል ልጅ ነው፤ ሕጉ በጋብቻ የተወለደና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ብሎ በውርስ አይለይም። ስሙን ባለመጥራት ከውርስ አይወጣም። አባት ልጁን ከውርስ መንቀል ከፈለገ በኑዛዜው ላይ በግልጽ መጻፍ፣ ምክንያቱንም ማስፈር አለበት፤ ምክንያቱ በቂ መሆኑን ፍርድ ቤት ይመዝናል። «ሁሉንም ለእገሌ ሰጥቻለሁ» ማለት ብቻውን ሌሎቹን ልጆች እንደ መንቀል አይቆጠርም። ወንድማችን ምን አጠፋ? አባባ ከልጆቹ ለአንዱ አብልጦ መስጠት ይችላል፤ ሆኖም በክፍፍሉ ከድርሻው ከሩብ በላይ የተጎዳ ልጅ ክፍፍሉን መቃወም ይችላል። እሱን ደብቀን የወራሽነት ማስረጃ ብናወጣም፣ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያው ሲወጣ አንድ ዘመድ ያይና ይደውልለታል፤ ማስረጃውም ይሰረዛል። ሕጉን ተይው፤ ወንድማችን ነው። አባባን ስለ እሱ ማነጋገር ያለበት ሰው ካለ እኔ ነኝ፤ ታላቅ ነኝና።

አሜሪካ ያለው ወንድማችን ትናንት በስልክ «ለምን አሁኑኑ በስጦታ አያዛውርልንም?» ሲል ሰምቼዋለሁ። ሐሳቡ ወጪና ምልልስ ለመቀነስ ነው። ስጦታ ግን ኑዛዜ አይደለም። ኑዛዜን አባባ በፈለገው ቀን መለወጥ ወይም መሻር ይችላል፤ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ንብረቱ በእጁ ነው። ስጦታ ከተፈረመና ስሙ ከዞረ በኋላ አባባ በገዛ ቤቱ የልጆቹ እንግዳ ይሆናል። ቤት በስጦታ ሲሰጥም ሕጉ የሚጠይቀው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜን ሥርዓት ነው፤ ስለዚህ የሚቀንሰው ምልልስ የለም። የውሸት ሽያጭ አድርጉ የሚል ደላላ ቢመጣ ደግሞ ከበር መልሺው።

ያ ወንድማችን የራሱም ጉዳይ አለበት። እዚህ ያለውን ቤቱን የምናስተዳድርለት ከኤምባሲ በላከልን ውክልና ነው። ብዙ ውጭ ያሉ ልጆች «ለእናቴ ሙሉ ውክልና ሰጥቻለሁ» ብለው ይተኛሉ። ውክልና ወካዩ የሞተ ዕለት ያበቃል። በማግሥቱ በዚያ ወረቀት ባንክ ሄዶ ገንዘብ ማውጣት፣ ቤት መሸጥ ወንጀል ሊሆን ይችላል። በውክልና መናዘዝም አይቻልም፤ ኑዛዜ ሰው ራሱ እንጂ ወኪሉ የሚያደርግለት ነገር አይደለም። እዚያ ያለውን ሀብቱን የሚኖርበትን ስቴት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያዘጋጅለት፤ እዚህ ያለውን ደግሞ የእኛን ሕግ የሚያውቅ። አንቺ ትቀርቢዋለሽ፤ ዛሬ ማታ ስትደውዪለት ንገሪው።

ጠበቃ እንዴት ይያዝ ካልሽ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው የሚጽፉትን ራፖር ጸሐፊዎች ለዚህ አትጠጊያቸው። ለተራ ማመልከቻ ያገለግላሉ፤ ለኑዛዜ ግን ስም ብቻ የሚቀየርበት አንድ ቅጽ ነው የሚሰጡሽ። የጥብቅና ፈቃዱን ጠይቂና እዪ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። የሚሠራውን ሥራና ክፍያውን በጽሑፍ ተዋዋዪ፦ መምከር ብቻ ነው? መጻፍም አለበት? ውልና ማስረጃ አብሮ ይሄዳል? በውርስ ጉዳይ የቆየ መሆኑን አጣሪ። ጓደኛሽ እናቷ መክፈል አይችሉም ብላሽ ነበር አይደል? የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች በነፃ ያማክራል፤ የዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች አሏቸው። ግን የጓደኛሽ ቤተሰቦች ሙስሊም ስለሆኑ፣ ሁሉም ወገኖች ከተስማሙ ጉዳዩን ሸሪዓ ፍርድ ቤት ማየት ይችላል። እዚያ ደግሞ ስሌቱ ሌላ ነው፤ ሚስት ወራሽ ናት፣ ልጅ ካለ አንድ ስምንተኛ፣ ከሌለ አንድ አራተኛ ታገኛለች፤ በኑዛዜ የሚሰጠውም ከሲሶ አይበልጥም። አስቀድመው ይወቁት በያት።

ለእኛ ቀጠሮ የምታዘጋጂውን ልንገርሽ። የቤቱን ካርታና የአያታችንን የውርስ ውሳኔ፣ የኮንዶሚኒየሙን ውል፣ የእማዬንና የአባባን የጋብቻ ማስረጃ፣ የመኪናውን ሊብሬ፣ የአክሲዮን ሰርተፍኬቱን፣ የባንክ ደብተሮቹን አሰባስቢ። የሁላችንም ሙሉ ስም እስከ አያት ይጻፍ፣ የደሴውም። አባባ ያለበትን ዕዳ፣ ያበደረውንም ጠይቂው። ውርስ ሲጣራ የቀብር ወጪ፣ የማጣሪያው ወጪና ዕዳ ከኑዛዜው ስጦታ በፊት ነው የሚከፈሉት፤ ስለዚህ ዕዳውን ሳያውቁ ማከፋፈል የሌለን ማከፋፈል ነው። ውርሱን የሚያጣራውንም ሰው አባባ በኑዛዜው ይሰይም። እኔን እንዳትጽፊ፤ ሁላችንም የምናምነው፣ የማይወርስ ሰው ይሁን። አጎታችን ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ጠበቃው ምናልባት አባባና እማዬ አንድ ላይ በአንድ ወረቀት ይናዘዙ ብሎ ቢጠይቅሽ፣ ሌላ ጠበቃ ፈልጊ። ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ የሚያደርገው ኑዛዜ ፈራሽ መሆኑን ቁጥር 858 በግልጽ ይናገራል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሌላውንም አያውቅም። እማዬ የራሷን ለብቻዋ ታደርጋለች። የእሷን ግማሽ ደግሞ እኛ ነን የምንወርሰው፣ አባባ አይደለም፤ እሷ ብትቀድመው እሱም ልክ እንደ እሷ ሜዳ ላይ ነው የሚቀረው። እሷን እኔ አነጋግራታለሁ፤ አንቺ የአባባን ቀጠሮ ለሚቀጥለው ሳምንት ያዢ፣ ጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት ይደክመዋል።